የናይትሮ ትራክ ከቆመበት ሲነሳ ጉልበት እንዲኖረው እንዴት ይስተካከላል?

«አንዴ ከፈጠነ አይያዝም፤ ከቆመበት ላስነሳው ስል ግን ያንኮራፋል፣ ይንገዳገዳል፣ አንዳንዴም ድርግም ይላል። ምን ላድርግ?»

ስለ ናይትሮ ትራክ፣ ማለትም በናይትሮ ነዳጅ ስለሚሠራና በሪሞት ስለሚነዳ ሞዴል መኪና፣ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምልከው ነገር እንዲኖረኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

አብዛኛው ሰው ከመጠየቁ በፊት አንድ ነገር ሞክሮ ነው የሚመጣው፤ ካርቡሬተሩ ላይ ያለውን የዝቅተኛ ዙር መርፌ ለብቻው ጠምዝዞታል። ሳይሻለው ሲቀር ሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር፣ ከፍ ያደርጋል። ሞተሩ እንዳይጠፋ ይረዳል፤ ችግሩን ግን ይደብቀዋል። የመነሻ ጉልበት የሚመጣው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ትራኩን የሚይዘው ነገር እንዳለ ይታያል፣ ቀጥሎ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይፈለጋል፣ ከዚያ የከፍተኛ ዙር መርፌ፣ ከዚያ የዝቅተኛው፣ ከዚያ ሚኒሞ ይስተካከላል። ፍሪሲዮንና ጥርስ የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

መመሪያው ሮዳጁን (የአዲስ ሞተር ማላመጃውን) ለጨረሰ ሞተር ነው። ሞተራችሁ አዲስ ከሆነና አምራቹ ያዘዘውን ያህል ነዳጅ ገና ካላቃጠለ አሁን አትንኩት። ፒስተኑና ሲሊንደሩ ሳይላመዱ ነዳጅ ከቀነሳችሁበት ቅባትም ስለሚያንሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይፋጫል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ለመርፌዎቹ የሚሆን ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቪቴ
- የካንዴላ መፍቻ እና ቢያንስ አንድ አዲስ ካንዴላ
- የተሞላ የካንዴላ ማሞቂያ (ሞተሩ ሲነሳ የካንዴላውን ሽቦ የሚያግል ባለ ባትሪ መሣሪያ)
- ከርቀት የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር
- ትኩስ፣ ክዳኑ በደንብ ተዘግቶ የቆየ የመኪና ናይትሮ ነዳጅ
- ንጹሕ የአየር ፊልትሮ እና የፊልትሮ ዘይት
- ትርፍ የነዳጅ ቱቦ
- 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የሽቦ ቁራጭ
- ወፍራም ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ ጨርቅ
- ደብተርና እስክሪብቶ

ደብተሩን ለይስሙላ አልጻፍኩትም። የትኛውን ብሎን በስንት እንዳዞራችሁ ካልጻፋችሁ፣ ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ የት እንዳላችሁ አታውቁም።

ማስጠንቀቂያ

የናይትሮ ነዳጅ ዋና ክፍሉ ሜታኖል ነው። ሜታኖል ሲነድ ነበልባሉ በቀን ብርሃን የሚታይ አይደለም ማለት ይቻላል፤ እሳት መኖሩን የምታውቁት ሙቀቱ ሲነካችሁ ነው። ስለዚህ በሞቀ ሞተር ላይ ነዳጅ አታፍስሱ። ሜታኖል ሲጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፤ በለስላሳ ወይም በውኃ ጠርሙስ አትገልብጡት፣ ልጆች ከሚደርሱበትም አርቁት። ሞተሩን የምታስነሱት ውጭ ብቻ ነው፤ ጋራዥ በሩ ቢከፈትም ቤት ነው።

ጎማዎቹን አንስታችሁ በአየር ላይ ሙሉ ነዳጅ አትስጡ። ጭነት የሌለው ሞተር ዙሩ ከልክ በላይ ይወጣና የፒስተን ክንዱን ሊሰብር ይችላል።

ሪሞቱን ከመኪናው በፊት አብሩ፣ ከመኪናው በኋላ አጥፉ። ሞተሩ አልታዘዝ ካለ የነዳጅ ቱቦውን በጣታችሁ ቆንጥጡት፣ ወይም የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) አፍ ጓንት በለበሰ እጅ በጨርቅ ድፈኑት። ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) በእጅ ለመያዝ መሞከር ጣት ያስከፍላል።

መጀመሪያ ሦስቱን ብሎኖች ለዩ

ካርቡሬተሩ ላይ ሦስት የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ። የከፍተኛ ዙር መርፌው ብዙ ጊዜ የነዳጅ ቱቦው ከሚገባበት ቦታ ቆሞ ይታያል፤ የሪሞቱን ምላጭ (ነዳጅ የምትሰጡበትን መሳቢያ) ሙሉ በሙሉ ስትስቡ የሚገባውን ነዳጅ ይወስናል። የዝቅተኛ ዙር መርፌው የካርቡሬተሩን ቀዳዳ በሚከፍተውና በሚዘጋው ተንሸራታች ወይም በሚዞረው ክንድ ጫፍ ላይ ነው፤ ከሚኒሞ እስከ መካከለኛ ዙር ድረስ ያለውን ይቆጣጠራል። የመነሻ ጉልበት የሚታየው በዚህኛው ክልል ነው። ሦስተኛው የሚኒሞ ብሎን ነው፤ እሱ ነዳጅ አይለካም፣ ካርቡሬተሩ ሲዘጋ የሚቀረውን ክፍተት ብቻ ይወስናል።

በአብዛኞቹ የመኪና ካርቡሬተሮች መርፌን ወደ ቀኝ ማጥበቅ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ማላላት ይጨምራል። ነዳጅ የበዛበትን ድብልቅ «ወፍራም»፣ ያነሰውን «ስስ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ስለ እርምጃ መጠን ደግሞ የመርፌውን ጭንቅላት እንደ ሰዓት ገጽ አስቡት። ከ12 ወደ 1 ማዞር «አንድ ሰዓት» ነው፣ የሙሉ ዙር 12ኛ ክፍል ማለት ነው። የዝቅተኛው መርፌ የበለጠ ስለሚሰማ በግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የምንነካው።

ደረጃ 1፦ ትራኩን የሚይዘው ነገር እንዳለ አረጋግጡ

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ትራኩን ለጥ ባለ ወለል ላይ ገፋ አድርጉት። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሪሲዮኑ ስለሚለቅ ያለ ችግር ተንከባልሎ መሄድ አለበት። ቶሎ የሚቆም ከሆነ ምላጩ መሃል ላይ እያለ ፍሬኑ እየነካ እንደሆነ እዩ። የጎማ ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ አዙሩ፤ በአክስሉ ላይ የተጠመጠመ ክር ወይም ሣር ካለ ቆርጣችሁ አውጡ። ቀጥሎ ክላች ቤሉን፣ ማለትም በፍሪሲዮኑ ላይ የተደፋውን ባለ ጥርስ ኩባያ፣ በጣታችሁ አዙሩት። የሚፈጭ ድምፅ ካለው ወይም ከሸካከረ ኩሽኔታው ተቃጥሏል። ቀይሩት።

ይህ ደረጃ አሰልቺ ስለሚመስል ሁሉም ይዘለዋል። እኔም አንድ ሙሉ ቀን መርፌ ሳዞር ውዬ፣ ማታ ላይ ፍሬኑ በግማሽ ተይዞ እንደነበር ያየሁበት ጊዜ አለ። ካርቡሬተሩ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

ደረጃ 2፦ ነዳጅ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ

ሜታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ክዳኑ ሳይጠብቅ የከረመ ነዳጅ ውኃ አዝሏል፤ በሱ የተስተካከለ ሞተር በአዲስ ነዳጅ ሌላ ሞተር ይሆናል። ከተጠራጠራችሁ አዲስ ክፈቱ። ለሞዴል አውሮፕላን የተዘጋጀ ነዳጅ የናይትሮውም የዘይቱም መጠን የተለየ ስለሆነ አትጠቀሙበት።

የቆሸሸ ፊልትሮ አየር ስለሚከለክል ድብልቁን ወፍራም ያደርጋል። በቆሸሸ ፊልትሮ ሞተሩን ካስተካከላችሁ፣ ፊልትሮውን ባጸዳችሁ ቀን ሳታውቁት ስስ ይሆንባችኋል። ስለዚህ አሁኑኑ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ዘይት ቀቡት።

ካንዴላውን አውጥታችሁ በማሞቂያው አብሩት። ሽቦው ዙሪያውን እኩል ደማቅ ብርቱካናማ ካልሆነ፣ ከተጣመመ ወይም ከከፊሉ ብቻ ከበራ ጣሉት። ያረጀ ካንዴላ ማሞቂያው ሲነሳለት የሚኒሞ ዙሩ ይወድቃል፤ ይህንን ብዙዎች የመርፌ ችግር ይመስላቸዋል።

ደረጃ 3፦ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ፈልጉ

ሚኒሞው ከፍና ዝቅ የሚል፣ ምላጩን ስትለቁ ዙሩ ቶሎ የማይወርድ፣ ትናንት ተስተካክሎ ዛሬ ሌላ ጠባይ የሚያሳይ ሞተር ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ነው። በካርቡሬተሩ ያላለፈ አየር ከገባ በመርፌ ልትለኩት አትችሉም።

መጀመሪያ ቀላሉን እዩ። የነዳጅ ቱቦውን አውጥታችሁ እያጎበጣችሁ ተመልከቱ፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ስንጥቅ ትበቃለች። በነዳጅ ታንኩ ክዳን ዙሪያ ያለው ጎማ አልደረቀም? ከማርሚታው ወደ ታንኩ የምትሄደው ትንሽ ቱቦስ ጠብቃለች? ነዳጁን ወደ ካርቡሬተሩ የሚገፋው ከጭስ ማውጫው የሚመጣው ግፊት ነው። ግፊቱ ከቀነሰ ሞተሩ ነዳጅ ያጥረዋል።

እዚህ ካልተገኘ ሞተሩን አውርዱት። የጭስ ማውጫውን ቀዳዳና የካርቡሬተሩን አፍ በጎማ ድፈኑ፣ የነዳጅ መግቢያው ላይ ረዘም ያለ ቱቦ አስገቡ፣ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ በቱቦው ንፉበት። በካርቡሬተሩ አንገት ወይም በኋላ ክዳኑ ዙሪያ አረፋ ከወጣ ቀዳዳው እሱ ነው። ከፊት ኩሽኔታው ጥቂት አረፋ ብታዩ አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው። ኦሪንጉን (ማሸጊያውን የጎማ ቀለበት) ቀይሩ፣ አንገቱን ሙቀት በሚችል ሲሊኮን በስሱ ቀቡት፤ ሲሊኮኑ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ግን ተጠንቀቁ። ሙከራው እንዳለቀ ውኃውን በሙሉ አራግፋችሁ ሞተሩን ዘይት አጠጡት፤ ኩሽኔታው በአንድ ሌሊት ይዝጋል።

ደረጃ 4፦ ሰርቮውን (ካርቡሬተሩን የሚከፍትና የሚዘጋውን ትንሽ ሞተር) እና የሚኒሞ ክፍተቱን አስተካክሉ

ፊልትሮውን አንሱና ሪሞቱንና መኪናውን አብሩ። ምላጩ መሃል ላይ ሲሆን በካርቡሬተሩ አፍ ውስጥ ተመልከቱ፤ ከ0.7 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት መታየት አለበት። ሽቦዋን አስገብታችሁ ለኩ። ምላጩን ሙሉ ስትስቡ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት፣ ፍሬን ስትይዙ ደግሞ ክፍተቱ ሳይለወጥ መቆየት አለበት።

ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት አለ። የሪሞቱ ትሪም (የምላጩን መሃል ወዲህና ወዲያ የሚያስተካክለው) ካርቡሬተሩን ገፋ አድርጎ ይይዘውና ተንሸራታቹ የሚኒሞ ብሎኑ ላይ አያርፍም። ያኔ የሚኒሞ ብሎኑን ብታዞሩት ባታዞሩት ለውጥ የለውም። መጀመሪያ ትሪሙን መሃል አድርጉ፣ ቀሪውን በሰርቮው ክንድና በማያያዣው ሽቦ አስተካክሉ። ሪሞታችሁ የምላጩን አጀማመር የሚያለዝብ ኤክስፖ የሚባል ቅንብር ካለው ወደ 0 መልሱት፤ የሞተር ድካም የመሰለው ነገር የሪሞቱ መለዘብ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ መርፌዎቹን ወደ አምራቹ መነሻ መልሱ፣ ሞተሩን አሙቁ

ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ቅንብር ላይ መቀጠል ጊዜ ማባከን ነው። የሞተሩን መመሪያ አውጥታችሁ ሁለቱንም መርፌዎች ፋብሪካው ወዳለው ቦታ መልሱ። መርፌውን እስከ መጨረሻው ስታጠብቁ ሲነካ አቁሙ፤ በጉልበት ከጠመዘዛችሁት ጫፉ ይበላሻል፣ ከዚያ በኋላ የትኛውም ቦታ ላይ አይታዘዝም።

አስነሱትና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በመጠኑ እየፈጠነና እየቀነሰ እንዲሄድ አድርጉ። ቆሞ በሚኒሞ ብቻ ሲሠራ በቂ አይሞቅም። በቀዝቃዛ ሞተር ያስተካከላችሁት ሁሉ ሲሞቅ ይለወጣል።

ደረጃ 6፦ የከፍተኛ ዙር መርፌ

«እኔ የቸገረኝ ሲነሳ ነው፣ ስለ ከፍተኛው ለምን ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ምክንያቱ በአብዛኞቹ ካርቡሬተሮች ወደ ዝቅተኛው መርፌ የሚደርሰው ነዳጅ አስቀድሞ በከፍተኛው መርፌ በኩል ያለፈ መሆኑ ነው። ዝቅተኛውን አስተካክላችሁ ከፍተኛውን ከነካችሁ የመጀመሪያው ሥራ ፈረሰ።

ትራኩን ረዘም ባለ ሜዳ ላይ በሙሉ ምላጭ ልቀቁት። ድምፁ የተዘጋጋ ከሆነ፣ ጭሱ ከባድ ከሆነና ፍጥነቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ወፍራም ነው። በአንድ ሰዓት እያጠበቃችሁ ድገሙት። ድምፁ ጠርቶ ሲጎትትና ከኋላው ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ሲቀር ተቃርባችኋል። ጭስ ጨርሶ ከጠፋ ወይም መንገድ ሳያልቅ ጉልበቱ ከላላ አልፋችሁታል፤ ወዲያውኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት መልሱ።

ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ቴርሞሜትሩን በቴስታታው (በሲሊንደሩ ክዳን) መሃል ወደ ካንዴላው አነጣጥራችሁ ለኩ። ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ለአብዛኞቹ ሞተሮች ደህና ነው፤ 130 ከደረሰ አቁሙና መርፌውን አላሉ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ አንድ ጠብታ ውኃ ቴስታታው ላይ ጣሉ። ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ውስጥ ተንጫጭቶ ከደረቀ መልካም ነው። እንደነካ ተፈናጥሮ ከጠፋ ሞቋል፤ ዝም ብሎ ከተኛ ቀዝቅዟል።

ደረጃ 7፦ የዝቅተኛ ዙር መርፌ

ጉልበቱ ያለው እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ።

ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ እያለ የነዳጅ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ አጠገብ ቆንጥጡና ቁጠሩ። ቱቦው ሲቆነጠጥ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ እያለቀ ይሄዳል፣ ድብልቁም እየሳሳ ይመጣል። የምታዳምጡት ሞተሩ ከተስማሚው ድብልቅ ምን ያህል ርቆ እንደነበር ነው።

- ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ቆይቶ፣ ዙሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ከጠፋ ልክ ነው።
- ከ5 ሰከንድ በላይ ከሠራ፣ ዙሩም ብዙ ከወጣ በኋላ ከጠፋ ወፍራም ነው። ግማሽ ሰዓት አጥብቁ።
- ወዲያውኑ ድርግም ካለ ስስ ነው። ግማሽ ሰዓት አላሉ።

የቆንጥጦ ሙከራ አቅጣጫ ይሰጣል እንጂ ዳኛው መሬቱ ነው። ትራኩን አቁሙት፣ 10 ሰከንድ በሚኒሞ ይሥራ፣ ከዚያ ምላጩን በአንድ ጊዜ ሙሉ ሳቡት። ወፍራም የሆነው ሞተር ወፍራም ጭስ ይተፋል፣ «ብርርብር» እያለ ያንኮራፋል፣ አንድ ሁለት ሜትር ከሄደ በኋላ ነው የሚነቃው። ስስ የሆነው ደግሞ ድምፁ በመካከል ይቆረጣል፤ ጭስ አይታይም፣ ትንፋሽ ያጠረው ይመስል ይንቀጠቀጥና ይጠፋል፣ ወይም ለቅጽበት ተኝቶ በድንገት ይፈናጠራል።

ሁለቱም «ተንገዳገደ» ስለሚባሉ ሰው ይምታታበታል። መለየት ካቃታችሁ መርፌውን ግማሽ ሰዓት አላልታችሁ እንደገና ሞክሩ። ከባሰበት ቀድሞውንም ወፍራም ነበር፤ ከተሻለው ስስ ነበር። ለመሞከር ሁልጊዜ ነዳጅ ወደ መጨመር ሂዱ፤ ተሳስታችሁ ብትገኙ እንኳ የምታገኙት ጭስ ነው፣ የተቃጠለ ፒስተን አይደለም።

ደረጃ 8፦ ሚኒሞውን አውርዱ

ዝቅተኛውን መርፌ ስታጠብቁ ሚኒሞው በራሱ ከፍ ይላል። ያንን በሚኒሞ ብሎኑ አውርዱ፣ ተመልሳችሁ ደረጃ 7ን ድገሙ። ሁለቱ እስኪታረቁ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ትመላለሳላችሁ።

በመግቢያው ሚኒሞ ከፍ ማድረግ ችግሩን ይደብቃል ያልኩት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የሚኒሞ ክፍተቱ ሲሰፋ ብዙ አየር ይገባል፤ ወፍራሙ ዝቅተኛ መርፌ በዚያ አየር ተከድኖ ሞተሩ በሰላም የቆመ ይመስላል። ምላጩን ስትስቡ ግን የተጠራቀመው ትርፍ ነዳጅ ያንቀዋል። ጥያቄውን ከሚልኩልኝ ሰዎች አብዛኞቹ ያሉበት ሁኔታ ይህ ነው፦ ከፍ ያለ ሚኒሞ፣ ወፍራም ዝቅተኛ መርፌ። መድኃኒቱም ሚኒሞውን ሊጠፋ እስኪደርስ አውርዶ መርፌውን በግማሽ ግማሽ ሰዓት ማጥበቅ ነው።

ትክክለኛ ሚኒሞ ያለው ትራክ ፍሬን ሳይያዝ ባለበት ይቆማል። ወደ ፊት የሚሳብ ከሆነ ወይ ሚኒሞው ከፍ ብሏል፣ ወይ የፍሪሲዮኑ ሞላ ላልቷል ወይም ተሰብሯል።

ደረጃ 9፦ ማረጋገጫ

ግማሽ ታንክ ያህል እየነዳችሁ፣ እያቆማችሁ፣ እያስነሳችሁ ተመልከቱ። ምላጩን ከሙሉ ወደ መሃል ስትመልሱ ዙሩ በ1 ወይም 2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሚኒሞ መውረድ አለበት። ከፍ ብሎ ከቆየ ዝቅተኛው ስስ ነው ወይም አየር ይገባል። ወርዶ፣ ወርዶ ከጠፋ ወፍራም ነው።

ለብዙዎቻችሁ ሥራው እዚህ ያበቃል። ከዚህ በታች ያለው፣ ሞተሩ ጥርት ብሎ እየሠራ አሁንም የበለጠ መነሻ ለሚፈልግ ብቻ ነው።

ደረጃ 10፦ ፍሪሲዮን

የናይትሮ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ደካማ ነው። ፍሪሲዮኑ ቶሎ ከያዘ ሞተሩ ገና ጉልበት ሳያገኝ ትራኩን እንዲጎትት ይገደዳል። ጠንከር ያለ ሞላ ከገባበት ግን ሸራዎቹ (ክላች ቤሉን ከውስጥ የሚይዙት ክፍሎች) ዘግይተው ይከፈታሉ፤ ሞተሩ ዙሩ ወጥቶ ጉልበት ካገኘ በኋላ ነው ጭነቱ የሚመጣበት። በትልልቆቹ ትራኮች የተለመዱት ሞላዎች 0.9፣ 1.0 እና 1.1 ሚሊ ሜትር ናቸው። በአንድ ደረጃ ብቻ ከፍ በሉ፣ ሁሉንም ሞላ በአንድ ዓይነት ቀይሩ።

ከመጠን በላይ ከጠነከረ ሸራው እየተንሸራተተ ይቃጠላል፣ ክላች ቤሉ ሰማያዊ ይሆናል፣ ኩሽኔታውም ይሄዳል። ሞላውን ከመቀየራችሁ በፊት ሸራዎቹን አውጥታችሁ እዩ፤ እንደ መስታወት ካበሩ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ሻከር አድርጉና ሞክሩ። ዘይት ከነካቸው አጽዱ። አንዳንዴ ይህ ብቻውን ይበቃል።

ደረጃ 11፦ ጥርስ

ይህ የማያሳስት ለውጥ ነው። ክላች ቤሉ 14 ጥርስ፣ ትልቁ ጥርስ 48 ቢሆን ንጽጽሩ 3.43 ነው። ክላች ቤሉን በ13 ብትተኩት 3.69 ይሆናል፤ ወደ ጎማው የሚደርሰው ጉልበት 8 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ከፍተኛው ፍጥነት ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ ጥርስ የለም።

ጥርሶቹን ስትገጥሙ በመካከላቸው አንድ ቁራጭ ወረቀት አስገብታችሁ አጥብቁ፣ ወረቀቱን አውጡ። በጣም ከተጠጋጉ ሞተሩን ይይዙታል፤ ከራቁ ትልቁ ጥርስ ይላጫል።

ካምቢዮው ባለ ሁለት ማርሽ ከሆነ፣ ሁለተኛው ቶሎ ሲገባ ሞተሩ የደከመ ይመስላል። የመቀየሪያ ብሎኑን በትንሽ በትንሹ እያጠበቃችሁ መቀየሪያውን አዘግዩት።

ደረጃ 12፦ የመጨረሻዎቹ ለውጦች

ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ሞክሩ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ከደረጃ 6 መጀመር ግድ ነው።

ትኩስ ካንዴላ፦ ሚኒሞውን ያረጋጋል፣ አነሳሱንም ያፈጥናል። በሞቃት አየርና ብዙ ናይትሮ ባለው ነዳጅ ግን ቀዝቀዝ ያለው ይሻላል።

የካርቡሬተር ማጥበቢያ፦ ካርቡሬተሩ አፍ ውስጥ የምትገባ ቀለበት ናት። ቀዳዳው ሲጠብ በዝቅተኛ ዙር የአየሩ ፍጥነት ይጨምራል፣ ነዳጁም በደንብ ይበተናል። ከላይ ጥቂት ጉልበት ትወስዳለች፤ ዋጋዋ ርካሽ ስለሆነና ሞተር ስለማትጎዳ ግን እኔ የማስቀድመው እሷን ነው።

ረዘም ያለ የማርሚታ አንገት፦ ከማርሚታው ተንጸባርቆ የሚመለሰው የግፊት ሞገድ ሊያመልጥ የነበረውን ያልተቃጠለ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋል። መንገዱ ሲረዝም ሞገዱ ዘግይቶ ስለሚደርስ ከዝቅተኛ ዙር ጋር ይገጥማል።

ብዙ ናይትሮ ያለው ነዳጅ፦ ሜታኖል በክብደት 6.4 ገደማ እጥፍ አየር ሲፈልግ ናይትሮሜቴን 1.7 ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የበለጠ ነዳጅ ይቃጠላል፣ መርፌዎቹም መላላት አለባቸው። ከ20 ወደ 25 በመቶ ስትሄዱ ሳታላሉ አትንዱ።

የቴስታታ ቀለበት መቀነስ፦ ከቴስታታው ሥር ካሉት ስስ ቀለበቶች የ0.1 ሚሊ ሜትሯን ማውጣት እምቅታውን ይጨምራል፣ የመነሻ ጉልበትም ይሰጣል። ናይትሮው ብዙ ከሆነ ግን ድብልቁ ከጊዜው ቀድሞ ይፈነዳል፤ የካንዴላው ሽቦ ተጣሞ ወይም ተበጥሶ ከተገኘ ቀለበቷን መልሱ። ሁሉንም በጭራሽ አታውጡ፣ ፒስተኑ ቴስታታውን ሊመታ ይችላል።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

ሁለት ብሎን በአንድ ጊዜ ማዞር ዋነኛው ነው፤ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። ሌላው የሙቀት ቁጥር ማሳደድ ነው። «110 ስላልደረሰ አጠበቅኩት» የሚል ሰው ሞተሩን አላዳመጠም። ቁጥሩ ወሰን ነው፣ በነፋሻ ቀን 95 ላይ ጥሩ የሚሠራ ሞተር አለ።

ታንኩ ሊያልቅ ሲል ማስተካከልም ያሳስታል። ነዳጁ ሲያንስ ግፊቱ ስለሚለወጥ ሞተሩ ወደ ስስ ያደላል፤ ታንኩን ስትሞሉ ያስተካከላችሁት ወፍራም ይሆናል። ቢያንስ በግማሽ ታንክ ላይ ሥሩ።

አልነሳ ያለውን ሞተር እየደጋገሙ መሳብም አለ። ገመዱ ወይም ቮላኖው ድንገት ከጠነከረ ሲሊንደሩ በነዳጅ ተሞልቷል፤ ፈሳሽ ስለማይታመቅ በኃይል ከሳባችሁ የፒስተን ክንዱ ይጣመማል። ካንዴላውን አውጡ፣ ትራኩን ገልብጡ፣ ጨርቅ ከላዩ አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ስባችሁ ነዳጁን አውጡት። ፊታችሁን ከቀዳዳው አርቁ።

ሥራ ስትጨርሱ

ነዳጁን ከታንኩ አውጡ፣ በቱቦው የቀረውን ሞተሩ ራሱ አቃጥሎ እስኪጠፋ ጠብቁ። በካንዴላው ቀዳዳና በካርቡሬተሩ በኩል ጥቂት ጠብታ የማቆያ ዘይት ጨምራችሁ ሞተሩን ጥቂት ዙር አዙሩት፤ የቀረው ሜታኖል እርጥበት ስቦ ኩሽኔታውን እንዳያዝገው ነው። ፒስተኑን ወደ ታች አውርዳችሁ አስቀምጡ። ከላይ ጠብቆ ከተቀመጠ ሲሊንደሩ ሲቀዘቅዝ ይነክሰዋል።

ደብተሩ ላይ የሁለቱን መርፌዎች ቦታ፣ የአየሩን ሙቀትና የነዳጁን ዓይነት ጻፉ። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ስለሚል ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ሞቃትና ከፍታ ላይ ያለ አየር ደግሞ ያነሰ። በቀትር ያስተካከላችሁትን ትራክ በማግስቱ በጠዋት ብርድ ስታስነሱት ሁለቱንም መርፌዎች በትንሹ አላልታችሁ ጀምሩ፤ ፀሐይዋ ስትጠነክር መልሳችሁ ታጠብቋቸዋላችሁ።